ቦቢና የቤታችን ሥርዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ በዚህ ገጽ ብዙም ስለማይነሣ ጉዳይ፥ በቤት ስለሚኖር ውሻ ነው። ርእሱን አይታችሁ ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ነገር ግን በብዙዎቻችን ደጅ ውሻ ታስሮ ይውላል፤ አያያዛችንም ስለ ቤታችን ጠባይ ብዙ ይናገራል።

ልማዳችንን እንመልከት። ቡችላ ከጎረቤት ይመጣል፥ በሰንሰለት ይታሰራል፥ ከማዕድ የተረፈው ይጣልለታል። ሌሊት ሲጮኽ «ጎበዝ» ይባላል፤ ቀን እንግዳ ሲመጣ በዚያው ጩኸት በድንጋይ ይመታል። ሌሊት ያስመሰገነው ነገር ቀን ለምን እንደሚያስመታው የሚያስረዳው የለም። ሁለት ዓመት እንዲህ ካደገ በኋላ «ይህ ውሻ ክፉ ነው» እንላለን።

በቅዱሳት መጻሕፍት ውሻ ብዙ ጊዜ ለነቀፋ ምሳሌነት መጠቀሱ እውነት ነው። ሆኖም በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ለረጅም መንገድ ሲነሣ ውሻው ተከትሎታል። በባለጸጋው ደጅ ለወደቀው ለአልዓዛር ሰዎች ሳይራሩለት ውሾች ወደ ቁስሉ ቀርበዋል። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ በመጽሐፈ ምሳሌ ተጽፏል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል በቤታችን የሰቀልን ሰዎች ደግሞ አንበሶቹንና ነብሮቹን በአጠገባቸው በየቀኑ እናያለን። እንግዲህ ነቀፋው ለምሳሌ የተነገረ ነው፤ እንስሳውን እንድንበድል የተሰጠን ፈቃድ አድርገን ልንወስደው አይገባም።

የቤታችን ጉዳይ

ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። የምንኖረው በአዲስ አበባ፥ ሦስት ተከራዮች አብረውን በሚኖሩበት ግቢ ነው። ውሻችን ቦቢ ይባላል። አባቴ ሌባ ስለበዛ ያመጣው ሲሆን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየዓመቱ ያስከትበዋል። ይሁን እንጂ ቦቢ ዕድሜውን ያሳለፈው ከውጭው በር አጠገብ ታስሮ ነው።

ከተከራዮቻችን አንዲቱ የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቱ በየእሑዱ የሕፃናት ክፍል ትማራለች። አንድ እሑድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ የቦቢ ሰንሰለት ተበጥሶ ኖሮ ዘሎ ጣላት። አልነከሳትም፤ ክርኗ ግን ተላጠ፥ ነጠላዋም ጭቃ ለበሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ብቻዋን ከቤት መውጣት እምቢ አለች። እናቷ እሑድ ጠዋት ሥራ ስላለባት የሚያደርሳት ጠፋ፥ ልጅቱም ከሰንበት ትምህርት ቤት ቀረች።

አባቴ ነገሩ እጅግ ከብዶት ጎረቤታችንን ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰንሰለቱንም በአዲስ ቀየረ። ከዚያም «ከትንሣኤ በኋላ የሕንፃ መሥሪያ ቦታ ለሚጠብቅ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሎ ቆረጠ። እዚያ የሚጠብቀው ሌላ ሰንሰለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጊዜው የዐቢይ ጾም ዋዜማ ነበርና የቀሩት ሃምሳ አምስት ቀናት ነበሩ። እኔም «እስከዚያ ላሠልጥነው፤ ካልተለወጠ ያሰብኸውን አድርግ» አልሁት። አባቴ ጥቂት ዝም ብሎ «ማን አስተምሮህ?» አለኝ። «ከዩቲዩብ» ስለው ሳቀ፤ ግን አልከለከለኝም።

በዩኒቨርሲቲ የምማረው ሲቪል ምሕንድስና ነው፤ ስለ እንስሳት የተማርሁት ነገር የለም። በግቢው ዋይፋይ ቪዲዮዎቹን እያወረድሁ ማታ በስልኬ እመለከት ጀመር።

አንድ ጥያቄም አስቀድሞ መመለስ ነበረበት። አያቴ «አንተ ዲያቆን፥ መቅደስ የሚገባ እጅ ውሻ ይዳስሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከክብረ መቅደስ የመጣ ስለሆነ አቃልዬ አላየሁትም። የንስሐ አባቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው። «በአገልግሎትህ ቀን ከእርሱ ራቅ፤ ገላህንም ልብስህንም በንጽሕና ጠብቅ። ቤትህ ያለውን ፍጥረት መመገብና ማረም ግን ነውር የለበትም» አሉኝ። እንደ ቃላቸውም ቅዳሴ በምገባበት ቀን ሥልጠናውን እኅቴ እንድትይዘው ተስማማን።

ቪዲዮዎቹ የሚሉት

ቪዲዮዎቹን ለተመለከተ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ግራ መጋባት ነው፤ እርስ በርሳቸው ይቃረናሉና። አንዱ አሠልጣኝ ውሻውን በማነቂያ ሰንሰለት እየጎተተ፥ በጀርባው እያጋደመ «ጌታው ማን እንደሆነ አሳየው» ይላል። ሌላዋ ድምፅዋን ሳታሰማ በእጇ ቁራሽ ይዛ ትጠብቃለች።

የመጀመሪያው መንገድ የሚታመንበት ምክንያት አለው። ተኩላዎች በአንድ አስገባሪ መሪ ሥር በኃይል ይገዛሉ የሚለው አስተሳሰብ የመጣው ዝምድና የሌላቸውን ተኩላዎች በአንድ አጥር ውስጥ ዘግቶ ከማጥናት ነው። አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜች እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስተሳሰብ ካሰራጩት አንዱ ነበር። በዱር ያሉትን ለብዙ ዓመታት ከተከታተለ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው አባት፥ እናትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ እንደሆነ፥ መሪዎቹም ወላጆች እንደሆኑ ገለጠ። ሊቅ የሆነ ሰው ራሱ የጻፈውን በአደባባይ ማረሙ ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ነው። «ጌታው ማን እንደሆነ አሳየው» ለሚለው ምክር መሠረት የሆነው ሐሳብ እንዲህ ተናግቷል፤ ምክሩ ግን እስከ ዛሬ በስልካችን ይዞራል።

ሁለተኛው መንገድ በሌላ ጥናት ላይ የቆመ ነው። ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1849 በሩሲያ በራያዛን ከተማ በኦርቶዶክሳዊ ካህን ቤት ተወለደ። መጀመሪያ የተማረውም በዚያው ከተማ በሚገኘው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ነው። በኋላ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ አዘነበለ፤ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። ምግብ ከመቅረቡ በፊት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምልክት የተሰጠው ውሻ፥ ውሎ አድሮ ምልክቱን ብቻ ሲሰማ ምራቁን እንደሚያዝረበርብ ያሳየው እርሱ ነው። አሠልጣኞቹ በአፋቸው ቀጭ የሚል ድምፅ አሰምተው ወይም «ጎሽ» ብለው ወዲያው ቁራሽ የሚሰጡት ከዚህ የተነሣ ነው። ድምፁ «አሁን ያደረግኸው ትክክል ነው» የሚል ምልክት ይሆናል።

ምልክቱ በሰዓቱ መድረስ አለበት። ውሻው ተቀምጦ፥ ቆሞ፥ ዘሎ ከዚያ በኋላ ቁራሽ ቢሰጠው የተሸለመው ስለ መዝለሉ ነው። ስለዚህ ቁራሹ የሚሰጠው መቀመጫው መሬት በነካበት ቅጽበት ነው። ቁራሹን ከአፍንጫው ፊት ይዞ ቀስ እያሉ ወደ ራሱ አናት ሲያሳልፉት ውሻው በዓይኑ ሲከተል ከኋላው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ይህን በሚገባ ከለመደ በኋላ ቃሉ ይጨመርለታል። ልምምዱ በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ቢበዛ ውሻውም ሰውየውም ይሰለቻሉ።

የጾሙ ወራት ሌላ ችግር አመጣ። ቪዲዮዎቹ የሚያሳዩት የዶሮ ሥጋና አይብ ነው፤ በእኛ ቤት ሁለቱም አልነበሩም። አያቴ «የነነዌ ሰዎች ሲጾሙ እንስሶቻቸውም ጾመዋል» ስትል እናቴ «እማዬ፥ ያ ሦስት ቀን ነው፤ ይህ ሃምሳ አምስት ነው» ብላ አሳቀችን። ጾም በፈቃድ የሚፈጸም ስለሆነ ከውሻ አይጠበቅም። ሆኖም እንደ ሽምብራ ፍሬ የተቆራረሰ ደረቅ ዳቦና የተቀቀለ ካሮት በቂ ሆኖ አገኘነው። ቦቢ ቀድሞ ከእጅ የተሰጠው ነገር ስለሌለ ካሮቱን እንደ ሰንጋ ሥጋ ተቀበለው።

ሥልጠናው የማን ነው?

በመጀመሪያው ሳምንት በዘወረደ ቦቢ መቀመጥን ተማረ። ይህን ያህል ቶሎ ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ይሁን እንጂ ለእኔ የሚቀመጠው ውሻ ለሌሎቹ አይቀመጥም። ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ማታ ቤተሰቡ ሲያዝዘው ቁጭ ብዬ አዳመጥሁ። አባቴ «ተቀመጥ» ይለዋል፤ እናቴ «ኧረ አርፈህ ቁጭ በል» ትለዋለች፤ እኅቴ ከፊልም የሰማችውን «ሲት» ትላለች፤ አያቴ ደግሞ «ተው እንጂ ልጄ» ትለዋለች። ለእኛ አራቱም አንድ ነገር ናቸው። ውሻው ግን ቋንቋችንን አያውቅም። እርሱ የሚሰማው አራት የተለያዩ ድምፆችን ነው።

ስለዚህ አምስት ቃላት በወረቀት ጽፈን በሳሎኑ በር ላይ ለጠፍን፤ ቁጭ፥ ቆይ፥ ና፥ ቦታህ፥ ተው። ማንም ከእነዚህ ውጭ እንዳይጠቀም ተስማማን። ወረቀቱን የለጠፍነው ለእርሱ ብለን ነው፤ የምናነበው ግን እኛ ነበርን። ቪዲዮው ውሻውን እንደሚያሠለጥን ያሰበ ቤተሰብ ራሱ ትምህርት ቤት ገባ።

ከቃሉ ይልቅ የከበደው ተግባሩ ነበር። አያቴ ሩኅሩኅ ናት። በምሳ ሰዓት ቦቢ በመስኮት በኩል ሲያለቅስ ሰው ሳያያት ከፍትፍቱ ቆንጥራ ትወረውርለታለች፤ ሁልጊዜም አይደለም፥ አንዳንድ ቀን ብቻ። «አንዳንዴ ብቻ ምን ይጎዳል?» ትላለች። ጉዳቱ ያለው በዚያው «አንዳንዴ» ላይ ነው። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በአይጦችና በእርግቦች ላይ ባደረገው ጥናት፥ አልፎ አልፎ የሚሸለም ልማድ ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለማጥፋት እንደሚያስቸግር ታይቷል። ዘጠኝ ቀን ተከልክሎ በዐሥረኛው የተሰጠው ውሻ የሚማረው «ዐሥር ቀን አልቅስ» የሚለውን ነው። በዚያም ላይ ወጣችን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይለየውም፤ ሁለቱም የውሻን ደም ይጎዳሉ።

አያቴን ማን ይከልክላት? መከልከሉ ለሽማግሌ ክብር የማይመች፥ ደግሞም የማይሳካ ነበር። እናቴ መፍትሔ አገኘች። የዳቦውን ቁራሽ ለአያቴ በትንሽ ቆርቆሮ ሰጠቻትና «እማዬ፥ አንቺ ነሽ የምትሰጪው፤ ጆንያው ላይ ሲተኛ ብቻ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ከአያቴ የበለጠ አሠልጣኝ አልተገኘም። እኔ ለትምህርት እቸኩላለሁ፥ እኅቴ ትሰለቻለች። አያቴ ግን ውዳሴ ማርያሟን ከደገመች በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ውሻው እስኪተኛ ድረስ ግማሽ ሰዓት ሳትናገር ትጠብቃለች። ቪዲዮው ሊሰጠን ያልቻለውን ትዕግሥት እርሷ ይዛው ኖራለች።

በሦስተኛው ሳምንት በምኩራብ ፈተና መጣ። መዝለሉን ለማስተው የታዘዘው፥ ሲዘል ፊት አዙሮ ዝም ማለት፥ አራት እግሩ መሬት ሲነካ መሸለም ነው። ለቀናት እንዲህ ስናደርግ መዝለሉ ከመቀነስ ይልቅ በዛ። አባቴ ከሥራ ሲገባ ሱሪውን አበላሸበትና ዱላ አነሣ። ያን ጊዜ ከተመለከትኋቸው አንዱ ቪዲዮ ያስተማረኝን ነገርሁት፤ ቀድሞ ይሠራ የነበረ ልማድ ድንገት ሲከሽፍበት እንስሳው ከመተዉ በፊት አብዝቶ ይሞክራል። በር አልከፈት ያለው ሰው ከመሄዱ በፊት አብዝቶ እንደሚያንኳኳ ማለት ነው። በዚህ ሰዓት የሰጠ ሰው የከፋውን ዝላይ ሸለመ፤ የመታም ሰው ፍርሃትን ጨመረ።

አባቴ ዱላውን አልጣለም፤ ግን አልመታም። እኔም በለዓምን አሰብሁ። አህያይቱን ሦስት ጊዜ የመታት መንገዱን ስታ እልከኛ የሆነች መስሎት ነበር። እርሷ ግን እርሱ ያላየውን መልአክ አይታ ነው የቆመችው። እንስሳ የሚያስቆጣን ነገር ሲያደርግ ያየው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ የምትሆን ትንፋሽ ታስፈልጋለች። አባቴ ያን ማታ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ከሳምንት በኋላ ቦቢ አባቴ ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ ቁጭ ይል ጀመር።

አንገት መድፋትና ንስሐ

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልጽፍላችሁ ወደ ወደድሁት ነገር ደረስሁ።

ውሻ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ገጽታ አለ። ጫማ አኝኮ ስናገኘው ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፥ ጅራቱን ሸጉጦ፥ በጎን እያየን ይሸማቀቃል። «ጥፋቱን ያውቃል እኮ!» እንላለን። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች የውሻ ጠባይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን የሚመለከት ጥናት አሳተመች። ባለቤቱ ውሻውን «ይህን ምግብ እንዳትነካ» ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ውሻው መብላቱ ወይም አለመብላቱ ይነገረዋል፤ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ እውነቱ አይደለም። ከዚያ የሚታየው ውሻው የሚሸማቀቀው መቼ እንደሆነ ነው። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ውሻው የሚሸማቀቀው ስላጠፋ ሳይሆን ባለቤቱ ስለተቆጣው ነው። ምንም ያልበላው ውሻ እንኳ ሲቆጡት ጥፋተኛ መስሎ ይታያል።

ይህን ሳነብ ከውሻው ይልቅ የእኛ ነገር ትዝ አለኝ። በቤታችን፥ በትምህርት ቤታችን፥ አንዳንዴም በሰንበት ትምህርት ቤታችን፥ ልጅን ተቆጥተን አንገቱን ሲደፋ «ገባው» ብለን እንሄዳለን። የተደፋ አንገት ግን የተመለሰ ልብ መሆኑን አያረጋግጥም። ልጁ የተማረው የእኛን ፊት መፍራት ብቻ ከሆነ፥ እኛ ዞር ስንል ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ወይም ሳንደርስበት ማድረግን ይለምዳል። ንስሐ ሌላ ነገር ነው። የንስሐ አባት ፊት የምንቆመው የተቆጣ ፊት አስደንግጦን አይደለም። ያደረግነውን አውቀን፥ በገዛ ፈቃዳችን ተነሥተን፥ በአንደበታችን ተናግረን የምንመለስበት ምሥጢር ነው። ይህ ለሰው የተሰጠ ጸጋ ነው። ውሻ አይናዘዝም፤ የሚናዘዝ የሚመስለን ፍርሃቱን ስላላወቅንለት ነው።

ስለዚህ ልጅና ውሻ አንድ ዓይነት ሥልጠና ይገባቸዋል እያልሁ እንዳይመስላችሁ። ሕፃንን በከረሜላ እያባበሉ ጸሎት ማስለመድ እምነት አያስተምርም። ለሰው ምክንያቱ ይነገረዋል፥ ይጠይቃል፥ ይመርጣል። ለውሻ ምክንያት መንገር አይቻልም፤ ስለዚህም የምንናገረውን ትቶ የምናደርገውን ብቻ ይማራል። ያለ ቃል የሚማር ፍጥረት ፊት የቆመ ቤተሰብ ተግባሩ እርስ በርስ ይስማማ እንደሆነ ወዲያው ይገለጥበታል። ሕፃናትም ንግግራችንን ከመስማታቸው አስቀድሞ ተግባራችንን ያያሉ። በዚህች አንዲት ነገር ብቻ ይገናኛሉ።

እስከ ሆሣዕና

ቀሪው ሥራ የልጅቱ ነበር። እናቷን ፈቃድ ጠይቀን በመጻጉዕ ሳምንት ጀመርን። ቦቢ በአጭር ገመድ ተይዞ ጆንያው ላይ ይተኛል፤ ልጅቱ በእናቷ እጅ ተይዛ ከግቢው ማዶ ትቆማለች። ቦቢ አይቷት ዝም ሲል ቁራሹን ይቀበላል። ርቀቱ የሚቀንሰው በእርሱ ብቻ ተመዝኖ አልነበረም፤ «ትንሽ እንቅረብ» የምትለው እርሷ ናት። አንዳንድ ቀን አንድ እርምጃ ቀረበች፤ አንዳንድ ቀን ምንም አልቀረበችም። በደብረ ዘይት ሳምንት ስትፈራ ከመሮጥ ይልቅ እጇን ሰብስባ እንደ ዛፍ ቀጥ ብላ መቆምን ተማረች፤ የሚሮጥ ሕፃን ውሻን ለማባረር ይጋብዛልና። በኒቆዲሞስ ሳምንት በራሷ ፈቃድ ቁራሽ ወደ ጆንያው ወረወረችለት።

በሆሣዕና ጠዋት ከእናቷ ጋር ወጣች፤ ዘንባባውን ለማምጣት እናቷ ያን ቀን ሥራዋን ቀይራ ነበር። አያቴ በረንዳው ላይ ነበረች። «ቦታህ» አለችው፤ ቦቢም ተኛ። ልጅቱ በሁለት ሜትር ርቀት በፊቱ አለፈች፤ እየፈራች፥ ግን በእግሯ። አሁን በየእሑዱ ከእኅቴ ጋር ትሄዳለች።

ቦቢ ፍጹም አልሆነም። ሞተር ብስክሌት ሲያልፍ ዛሬም ያብዳል፤ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ መታሰር አለበት። ከትንሣኤ በኋላ ያ የሕንፃ ጠባቂ ሊወስደው ሲመጣ አባቴ ሻይ ጋበዘውና «ይቆይ እስኪ፤ አሮጊቷ ለምዳዋለች» ብሎ ሸኘው።

ለምትጀምሩ

ውሻ ላላችሁ ጥቂት ምክር ልጨምር። ከሁሉ አስቀድሞ ክትባቱን አስከትቡ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ያህል ነው። ጸበል የሚጠመቅም ሰው ክትባቱን አይተው። ሰውን የነከሰ ውሻ ካላችሁ በቪዲዮ አትጀምሩ፤ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ሕፃንን ከውሻ ጋር፥ የለመደ እንኳ ቢሆን፥ ብቻውን አትተዉ። ቡችላ ካመጣችሁ ደግሞ ሰውንና ድምፅን በቀላሉ የሚለምድበት ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ነውና ያን ጊዜ በሰንሰለት አታሳልፉበት።

ቪዲዮ ስትመርጡ ውሻው ሲሳሳትም የሚያሳየውን፥ የውሻውን ጆሮና ጅራት እንድታዩ የሚያስተምረውን ምረጡ። አራት ደቂቃ የሚፈጀው ቪዲዮ ብዙ ሳምንታት ተቆራርጠው የተቀጠሉበት መሆኑንም አስታውሱ። አንዱን መርጣችሁ በሥራ ላይ አውሉት፤ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው መዝለል ውሻውንም ቤተሰቡንም ያደናግራል።

ይህች የመጨረሻዋ ምክር ለእኛ ለወጣቶች ከውሻም ታልፋለች። በስልካችን የምናከማቸው ስብከትና ትምህርት ብዙ ነው። ጠዋት አንዱን፥ በታክሲ ሌላውን፥ ማታ ሦስተኛውን እንሰማለን። መስማቱ መልካም ነው። ቦቢ ግን ያየሁትን ቪዲዮ ብዛት አያውቅም፤ እርሱ የሚያውቀው ጠዋት አምስት ደቂቃ፥ ማታ አምስት ደቂቃ የተደረገለትን ነው። በቤታችሁ ያለች እናት፥ ታናሽ ወንድም፥ ጎረቤትም እንዲሁ ናቸው። ከሰማችሁት አንዱን መርጣችሁ በዚህ ሳምንት ሥሩት፤ እነርሱ ያውቁታል።

ቸሩ አምላካችን የሰማነውን በሥራ ለመግለጥ ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር።